የሻምበል አበበ ቢቂላ አከርካሪ



በስታዲየም በኩል ስታልፉ አበበ ቢቂላ ትዝ ካላችሁ፣ የምታስቡት ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ይሆናል። ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ ልክ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ዛሬ ግን ብዙ ስለማይወራለት፣ ስለ ታካሚው አበበ ላውጋችሁ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠችበት። እርዳታ ያገኘው በማግስቱ ነው። ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ስለነበር መጀመሪያ ላይ እጆቹም አይታዘዙለትም ነበር። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወሰደ፤ ስምንት ወር ታከመ። እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ለምን እዚያ? ይህን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 የከፈቱት ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከዚያ በፊት ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው እንደማይተርፍ ተቆጥሮ ይተው ነበር። አብዛኞቹን የሚገድላቸው ደግሞ ስብራቱ ሳይሆን የመኝታ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ያመጡት ለውጥ ሲሰሙት ተራ ነገር ይመስላል፦ ታካሚውን ሌሊትም ጭምር በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ሽንቱን በንጽህና ማስወጣት፣ ከዚያም ስፖርት ማሠራት። በበኩሌ ከብዙ ውድ መድኃኒቶች አስበልጠዋለሁ። እቤታችሁ የሚተኛ እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ፣ ዛሬም ሕይወቱን የሚያቆየው ይኸው የእናንተ እጅ ነው። ጀርባውን፣ መቀመጫውንና ተረከዙን በየቀኑ እዩለት፤ የቀላ ቦታ ካገኛችሁ በዚያ ጎኑ አታስተኙት።

አበበ በ1962 ዓ.ም. እዚያው ስቶክ ማንድቪል በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ሸርተቴ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ።

በዚያ ዘመን ጉትማን የተሰበረ አከርካሪ ተኝቶ ራሱ እንዲገጥም መጠበቅን ከቀዶ ሕክምና ይመርጡ ነበር። ዛሬ በብሎንና በዘንግ ማሰር የተለመደ ሆኗል፤ አዲስ አበባም ይሠራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ያሰለጥናል። ነገር ግን «ኦፕራሲዮን ከሆነ ይራመዳል?» ለሚለው ጥያቄያችሁ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ብሎኑ አጥንቱን ያጸናል፣ የተጫነውን ያነሳል እንጂ የተበጠሰ ህብለ ሰረሰር አይቀጥልም።

ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሰዓት ወሳኝ ናት። መኪና የገለበጠውን ወይም ከፎቅ የወደቀውን ሰው እጅና እግሩን ይዛችሁ አታንጠልጥሉት፣ ውሃ ለማጠጣትም ቀና አታድርጉት። ወደ 907 ደውሉ። የግድ ማንሳት ካለባችሁ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይያዝ፤ ሌሎቻችሁ አንገቱና ወገቡ ሳይጠመዘዝ እንደ ግንድ ቀጥ አድርጋችሁ ሰፊ ሳንቃ ላይ አኑሩት።

ወላጆች፣ ወጌሻን በተመለከተ፦ አንገትና ጀርባ በፍጹም አይታሽም። የልጃችሁ እግር ወይም እጅ በቀርከሃ ከታሰረ ደግሞ ጣቶቹን ደጋግማችሁ እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰበት ካለቀሰ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ማሰሪያውን ፈትታችሁ ሆስፒታል አድርሱት። ጥብቅ ማሰሪያ ደም ከልክሎ እግር የሚያስቆርጠው በሰዓታት ውስጥ ነው።