የፒ53 ፕሮቲን መለያ ፀረ እንግዳ አካልና የአነባበቡ ታሪክ

ፒ53 የሕዋስን የመከፋፈል ዑደት ከሚቆጣጠሩ ዋና ዋና ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ዲኤንኤ ጉዳት ሲደርስበት የሕዋሱን መከፋፈል ይገታል፤ ጉዳቱ የከፋ ከሆነም ሕዋሱ እንዲሞት ያደርጋል። ይህን ፕሮቲን በዕጢ ናሙና ላይ በፀረ እንግዳ አካል አቅልሞ መመርመር ከተለመደ ከሠላሳ ዓመታት በላይ አልፏል። ሆኖም ቀለሙን ማግኘት አንድ ነገር ሲሆን፣ ትርጉሙን ማወቅ ሌላ ነገር ሆኖ ቆይቷል።

ፕሮቲኑ ራሱ የታወቀው በፀረ እንግዳ አካላት አማካይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ዴቪድ ሌንና ላየነል ክሮፎርድ በእንግሊዝ፣ ዳንኤል ሊንዘርና አርኖልድ ሌቪን ደግሞ በአሜሪካ፣ ኤስቪ40 የተባለውን ቫይረስ ያጠኑ ነበር። ዕጢ ካለባቸው እንስሳት በተወሰደ ሴረም የቫይረሱን ፕሮቲን ለይተው ሲያወጡ፣ የሕዋሱ የራሱ የሆነ ሌላ ፕሮቲን ተጣብቆ አብሮ ወጣ። ፒ53 የሚለውን ስም ያገኘው በጊዜው ከተገመተው 53 ኪሎዳልተን ክብደቱ ነው። ሴረም የብዙ ፀረ እንግዳ አካላት ቅልቅል በመሆኑ፣ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን በ1975 ያስተዋወቁት የሞኖክሎናል ዘዴ ለቀጣዩ ጥናት መሠረት ሆነ።

ፕሮቲኑ በዕጢ ሕዋሳት ውስጥ በብዛት ይታይ ስለነበር ለአሥር ዓመት ያህል ካንሰር አምጪ ተደርጎ ተቆጠረ። በ1989 የወጡ ጥናቶች ግን ጤነኛው ፒ53 ዕጢን የሚገታ መሆኑን፣ ቀደም ሲል የተጠኑትም ቅጂዎች የተበላሹ እንደነበሩ አሳዩ። ጤነኛው ፕሮቲን ኤምዲኤም2 በተባለ ሌላ ፕሮቲን አማካይነት በደቂቃዎች ውስጥ ይወገዳል፤ የተበላሸው ግን በአብዛኛው ሳይወገድ ይከማቻል። ስለዚህ ደማቁ ቀለም የብርታት ሳይሆን የብልሽት ምልክት ነበር።

በ1992 ቦርዢቮይ ቮይቴሼክ፣ ሌንና ባልደረቦቻቸው ዲኦ-7 የተባለውን ጨምሮ አዳዲስ ሞኖክሎናል ፀረ እንግዳ አካላትን ይፋ አደረጉ። ዲኦ-7 በፎርማሊን ተጠብቆ በፓራፊን ሰም ውስጥ በተቀመጠ ናሙና ላይ ስለሚሠራ በፓቶሎጂ ክፍሎች ተስፋፋ። ነገር ግን የቀለም መኖር ብልሽትን፣ አለመኖሩ ደግሞ ጤንነትን ያመለክታል የሚለው አነባበብ ጎደሎ ነበር። አንዳንድ የጂን ለውጦች የፕሮቲኑን መመረት ጨርሰው ያቋርጣሉና፣ እንዲህ ያለው ዕጢ ምንም ቀለም ሳይዝ ከጤነኞቹ ተርታ ይመደብ ነበር። በ2011 በእንቁልጢ ካንሰር ላይ የወጣ ጥናት በአብዛኞቹ ሕዋሳት የሚታይ ደማቅ ቀለምም ሆነ ፈጽሞ የቀለም አለመኖር ከጂን ለውጥ ጋር እንደሚያያዙ አሳየ።

ዛሬ ፈዘዝ ያለና የተበታተነ ቀለም የጤነኛው ፕሮቲን መገለጫ ተደርጎ ይነበባል። የቀለም አለመኖር ትርጉም የሚኖረው ግን በዚያው ናሙና ውስጥ ያሉ ጤነኛ ሕዋሳት ሲቀልሙ ብቻ ነው፤ እነርሱም ካልቀለሙ ስህተቱ የናሙናው አያያዝ ወይም የማቅለሙ ሥራ ሊሆን ይችላል። በማሕፀን ግድግዳ ካንሰር ይህ ንባብ የሕክምናውን ጥንካሬ እስከመወሰን ይደርሳል። የጂን ምርመራ በማይገኝበት ቤተ ሙከራም ይኸው ቀለም ዋነኛው ማስረጃ ነው፤ በመሆኑም የፓቶሎጂ ሐኪሙ ዕጢውን ከመፍረዱ በፊት የጎረቤቱን ጤነኛ ሕዋስ ማየት ይኖርበታል።