የትራክተር ኃይል ማስተላለፊያ ዘንግና ተንሸራታች ፍሪሲዮን፦ አመራረጥና አያያዝ

ከጣራ ገዳም ተራራ ግርጌ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያማትሩ የፎገራ ሜዳ ይታያል። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ታቦር ይደርሳል። በሜዳው ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ፣ ሲርስ የሚጣበቅ ዋልካ አፈር አለ፤ በደጋው ድንጋይ የበዛበት ማሳ ይበረክታል። አንድ የኪራይ ትራክተር በአንድ የምርት ዘመን በሁለቱም ሊሠራ ይችላል፤ ከኋላው የሚቀጠለውም መሣሪያ እንደ ሥራው ይለዋወጣል።

በማረሻና በሞተሩ መካከል የሚዞር ነገር የለም፤ ማረሻ የሚጎተት መሣሪያ ነው። ሮታቬተር፣ መውቂያ ማሽን፣ የሣር ማጨጃና በትራክተር የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ግን ከሞተሩ የሚዞር ኃይል ይፈልጋሉ። ይህን ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ በመካኒኮች ዘንድ ካርዳን ይባላል። ዘንጉ በትክክል ካልተመረጠ ካምቢዮ ይሰብራል፤ ሽፋኑ ከወለቀ ደግሞ የሰው ሕይወት ያጠፋል።

የዘንጉ ክፍሎች

ዘንጉ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡና የሚወጡ ሁለት ቱቦዎች አሉት። በሁለቱም ጫፍ ሹካ መሰል ብረቶችና እነርሱን የሚያያይዝ መስቀል ይገኛሉ፤ መስቀሉን መካኒኮች ክሮቼራ ይሉታል። መስቀሉ በአራት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ላይ ስለሚዞር ዘንጉ እየታጠፈም ኃይል ያስተላልፋል። ቱቦዎቹን የሚከድነው የፕላስቲክ ሽፋን በሰንሰለት ከትራክተሩና ከመሣሪያው ጋር ይታሰራል። ዘንጉ ሲዞር ሽፋኑ ቆሞ መቅረት አለበት።

በትራክተሩ ኋላ የሚገኘው የኃይል መውጫ ፒቲኦ ይባላል። በብዛት የሚታየው በደቂቃ 540 ዙር የሚዞረው ሲሆን፣ ውፍረቱ 35 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሶቹም 6 ናቸው። በ1000 ዙር የሚሠራው ተመሳሳይ ውፍረት ኖሮት 21 ጥርስ አለው። በትልልቅ ትራክተሮች ላይ ደግሞ ውፍረቱ 45 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ 20 ጥርስ መውጫ ይገኛል። የጥርስ ቁጥሩ የሚለያየው ሆን ተብሎ ነው፤ ለ540 ዙር የተሠራ መሣሪያ በስህተት በ1000 ዙር እንዳይነዳ ይከላከላል። ይህን በማገናኛ ብረት አልፎ መግጠም መሣሪያውን ከተሠራለት ፍጥነት ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ማዞር ስለሆነ ፈጽሞ አይገባም።

ለመሣሪያው የሚመጥን ዘንግ

ዘንግ የሚመረጠው በሚሸከመው የመጠምዘዝ ኃይል ነው። 50 የፈረስ ጉልበት በ540 ዙር ሲተላለፍ ዘንጉ ላይ የሚያርፈው 650 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህም በአንድ ሜትር ብረት ጫፍ ላይ 66 ኪሎ ግራም እንደማንጠልጠል ይቆጠራል። ያው ጉልበት በ1000 ዙር ሲተላለፍ ኃይሉ ወደ 350 ኒውተን ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲያንስ ዘንጉ መወፈር አለበት።

አምራቾች የዘንግን መጠን በተከታታይ ቁጥር ይለያሉ። ቁጥሩ ከዘንጉ ላይ ከጠፋ መስቀሉን መለካት ይቻላል፤ የሚለካው የኩሽኔታው ቆብ ውፍረትና ከቆብ እስከ ቆብ ያለው ርዝመት ነው። ለምሳሌ በአነስተኛ መሣሪያዎች ላይ የተለመደው መስቀል 27 በ74.6 ሚሊ ሜትር ነው። መለዋወጫ ለመግዛት ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ሁለቱን ልኬቶች ጽፎ፣ ቢቻል አሮጌውን መስቀል ይዞ ቢሄድ ከድጋሚ መንገድ ይድናል።

የቦታው ከፍታም ይታሰብበታል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ታቦር 75 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 55 ያህሉን ብቻ ይሰጣል። ይህ ግን በቀጭን ዘንግ ለመሥራት ምክንያት አይሆንም። ትራክተሩ ወደ ፎገራ ሲወርድ ካጣው ጉልበት ከፊሉን ያገኛል። ከዚህም በላይ የሮታቬተር ምላጭ ድንጋይ ሲመታ ዘንጉን የሚያናጋው የሞተሩ ጉልበት ብቻ ሳይሆን በመዞር ላይ ያለው ከባድ ብረት ሁሉ ነው።

ርዝመትና ማዕዘን

አንድን ዘንግ ከአንዱ ትራክተር ወደ ሌላው ማዛወር ብዙ ጊዜ የርዝመት ችግር ያመጣል። ዘንጉ ከረዘመ መሣሪያው ሲነሳ ወይም ትራክተሩ ሲታጠፍ ቱቦዎቹ መግቢያ አጥተው የትራክተሩን ፒቲኦና የመሣሪያውን ካምቢዮ ይገፋሉ። ካጠረ ደግሞ በሥራ ላይ ሊላቀቅ ይችላል። በሥራ ጊዜ ሁለቱ ቱቦዎች ቢያንስ የርዝመታቸውን አንድ ሦስተኛ ያህል ሊደራረቡ ይገባል። መሣሪያውና ትራክተሩ በጣም በሚቀራረቡበት ሁኔታም ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሊቀር ያስፈልጋል።

ዘንጉ ረዝሞ መቆረጥ ካለበት የውስጡና የውጩ ቱቦ እንዲሁም ሁለቱ ሽፋኖች እኩል ይቆረጣሉ። ከዚያም የተቆረጠው ጠርዝ በሞረድ ይለሰልሳል፤ ብናኙ ተጠርጎ ቱቦው ግሪስ ይቀባል። ቱቦዎቹ መልሰው ሲገጠሙ የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ ካልሆነ ዘንጉ እየተንቀጠቀጠ ኩሽኔታዎችን ይበላል።

መደበኛ መስቀል ያለው ዘንግ ያለማቋረጥ ሲሠራ ማዕዘኑ ከ25 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የሁለቱም ጫፍ ማዕዘን መቀራረብ አለበት። ስለዚህ በማሳው ዳር ሮታቬተሩን ከማንሳት ወይም በጠባቡ ከመታጠፍ በፊት ፒቲኦውን ማጥፋት ይገባል። ማሳዎች ትንንሽ በሆኑበት አካባቢ መታጠፊያው ብዙ ስለሆነ ይህ ልማድ የዘንጉን ዕድሜ በእጅጉ ይወስነዋል።

ከልክ ያለፈ ጫና መከላከያዎች

ድንጋይ ወይም የታጨቀ ገለባ መሣሪያውን በድንገት ሲያቆመው ሞተሩ መግፋቱን ይቀጥላል። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር መልቀቅ አለበት። መከላከያው የተሠራው ርካሹ ነገር ለቅቆ ውዱ እንዲተርፍ ነው። በእጅ በሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር በሚዞሩ አንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ቺንጋው እየተንሸራተተ ይህን ሥራ ይሠራል። በካርዳን በሚዞሩት ላይ ግን ለብቻው የተገጠመ መከላከያ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዓይነት የሚቆረጥ ብሎን ነው። ርካሽና ቀላል ሲሆን ጫናው እምብዛም ለማይደጋገምበት መሣሪያ ይስማማል። ሲቆረጥ የሚተካው በዚያው ውፍረትና በብሎኑ ጭንቅላት ላይ በተጻፈው በዚያው የጥንካሬ ቁጥር ብቻ ነው። «እንዳይቆረጥ» ተብሎ በ8.8 ፋንታ 10.9 ብሎን ወይም የሚስማር ብረት ከተደረገ መከላከያው የለም ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚሰበረው መስቀሉ ወይም ካምቢዮው ይሆናል።

ሁለተኛው ተንሸራታች ፍሪሲዮን ነው። በብረት ሳህኖች መካከል የገቡ ሸራዎች በሞላዎች ተጨቁነው አብረው ይዞራሉ፤ ጫናው ከልክ ሲያልፍ ሸራው ይንሸራተትና ጫናው ሲቀንስ ራሱ መልሶ ይይዛል። ድንጋይ በበዛበት ማሳ ለሚሠራ ሮታቬተር ይህ ይመረጣል፤ በየድንጋዩ ብሎን ለመቀየር መቆም አይኖርምና።

ሦስተኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ማገናኛ ነው። እንደ ብስክሌት የኋላ ጥርስ፣ ትራክተሩ ፍጥነት ሲቀንስ መሣሪያው በራሱ ፍጥነት መዞሩን እንዲቀጥል ይለቀዋል። ከባድ ከበሮ ላለው መውቂያና ለሣር ማጨጃ ጠቃሚ ነው። ብቻውን ግን ከጫና አይከላከልም። ብሎኑም ሆነ ፍሪሲዮኑ የሚገጠመው በመሣሪያው በኩል እንጂ በትራክተሩ በኩል አይደለም።

የፍሪሲዮን አያያዝ

በግንቦትና በሰኔ የሠራ ሮታቬተር ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ሊከርም ይችላል። በዚህ ጊዜ እርጥበት ሸራውን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ የተጣበቀ ፍሪሲዮን ደግሞ እንደ ድፍን ብረት ነው። ስለዚህ ከየሥራው ወቅት በፊት እንዲህ ይደረጋል፦

1. ትራክተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ የእያንዳንዱ ሞላ ርዝመት ይለካና ይጻፋል።
2. ዳዶዎቹ እኩል እኩል ይላላሉ።
3. በሳህኖቹ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር ይሠመራል።
4. መሣሪያው መሬት ይዞ እንዳይዞር ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ርቆ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት እያለ ፒቲኦው ለ2 ወይም 3 ሴኮንድ ብቻ ይያያዛል።
5. ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መስመሩ ይታያል። ከተቆራረጠ ፍሪሲዮኑ ተላቅቋል፤ ካልተቆራረጠ ተፈትቶ ዝገቱ መጽዳት አለበት።
6. ሞላዎቹ ወደ ተጻፈው ርዝመት ይመለሳሉ።

ፍሪሲዮኑ ቶሎ ቶሎ ሲንሸራተት ዳዶውን ማጥበቅ የተለመደ ስህተት ነው። የሞላው ጥምዝ እርስ በርሱ እስኪነካካ ከጠበቀ መንሸራተት አይችልም። ትክክለኛው መፍትሔ ሸራው አልቆ ወይም ግሪስ ነክቶት እንደሆነ ማየት፣ ጥልቀቱን መቀነስ ወይም ትራክተሩን በዝግታ መንዳት ነው። ጭስ ከታየ ፒቲኦው ወዲያው ይጥፋ፤ ለረጅም ጊዜ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋልና።

መስቀሎቹ፣ ቱቦውና የሽፋኑ ኩሽኔታ ግሪስ የሚጠጡበት ጊዜ በአምራቹ መመሪያ ተጽፏል። መመሪያው ከሌለ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን መጀመሪያ ግሪስ ማጠጣት አይጎዳም። ወደ ፍሪሲዮኑ ሸራ ግን ግሪስ መድረስ የለበትም። የተጣመመ ቱቦ በብየዳ ከመቃናት ይልቅ ቢቀየር ይሻላል።

ጋቢና የሚዞር ዘንግ

540 ዙር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 9 ዙር ነው። 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ የጋቢን ጫፍ ቢይዝ በአንድ ሴኮንድ 2 ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል። ሰው ደንግጦ እጁን ለማንሳት እንኳ ጊዜ አያገኝም። በኅዳርና በታኅሣሥ የውቂያ ወቅት የደጋው ማለዳ ስለሚበርድ ጋቢ፣ ኩታና ነጠላ ለብሶ ወደ አውድማ መውጣት የተለመደ ነው፤ ሕፃናትም ማሽን ለማየት ይሰበሰባሉ።

ስለዚህ ሽፋኑ የተሰነጠቀ ወይም ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዘንግ ሥራ ላይ መዋል የለበትም። በሚዞር ዘንግ ላይ መራመድ፣ የታጨቀውን ገለባ ፒቲኦው ሳይጠፋ በእጅ ማውጣትም ክልክል ነው። ትራክተር የሚከራይ አርሶ አደር ዋጋ ከመነጋገሩ አስቀድሞ ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፦ ሽፋኑ ሙሉ ነው? ብሎኑ ትክክለኛው ነው? ፍሪሲዮኑ በዚህ ወቅት ተፈትሿል? መልሱን በቃል ከመቀበል ዘንጉ ቆሞ ሳለ ቀርቦ በዓይን ማየት ይሻላል።