የራምቦ ወርቅና የራምቦ ጉልበት

በሐረሩ ጀጎል ውስጥ ላደግን ሰዎች የፈረንሳዊው ገጣሚ የአርተር ራምቦ ስም ሁሌም ከግጥም ጋር ይነሣል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ነጋዴው ራምቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጦ ካይሮ ሲገባ ከ16 ሺህ ፍራንክ በላይ ወርቅ ወገቡ ላይ ታጥቆ ነበር፤ 8 ኪሎ ግድም እንደሚመዝንና ተቅማጥ እንዳስያዘው ለቤተሰቡ ጽፏል።

በ1891 መጀመሪያ ሐረር ላይ ቀኝ ጉልበቱ ታመመ። የደም ሥር እብጠት መስሎት ለዚሁ የሚሆን ካልሲ እንድትልክለት እናቱን ለመናት። ፈረንሳይ ያለው ሐኪም ደግሞ እግሩን ሳያይ ካልሲውን አማረጠ። ይህ ያንገበግበኛል፤ ጉልበቱን ይበላ የነበረው ካንሰር ነው።

ኤፕሪል ላይ 16 ተሸካሚዎች በቃሬዛ ይዘውት ወደ ዘይላ ወደብ ወረዱ። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንዴ ለ16 ሰዓት ያለ መጠለያ ዝናብ ሲወርድበት ቆየ። ከዘይላ በመርከብ ኤደን ሲደርስ፣ እዚያ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም መጀመሪያ እግሩ ይቆረጥ አለ፣ ቀጥሎ ጥቂት ቀን እንጠብቅ አለ። በመጨረሻ በሜይ እግሩ ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ላይ ተቆረጠ። ኖቬምበር 10 በ37 ዓመቱ ሞተ።

ከ36 ሺህ ፍራንክ በላይ አጠራቅሞ ነበር። ከዚያ ውስጥ 3 ሺሁ ሐረር ለቀረው አገልጋዩ ለጃሚ እንዲሰጥ ተናዞ ነበር፤ ገንዘቡ ሲመጣ ግን ጃሚም በሕይወት አልነበረም።