የሞተር ትንፋሽ ታሪክና ለዩኒየናችን መኪኖች ያለው ትምህርት

በእንዲህ ዓይነቱ መጽሔት ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ገበያ ብዙ እንደሚጻፍ ይታወቃል። እኔ ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ብሆንም ስለ አንድ የሞተር ችግር ታሪክ መጻፍን መርጫለሁ። ማዳበሪያውም ሆነ ምርቱ የሚጓዘው በሞተር ነውና፤ ሞተር ሲቆም ደግሞ ወጪው ዞሮ ዞሮ ከአባላት ኪስ ይወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳበሪያ በሚጓጓዝበት ወቅት አንድ ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና ሰማያዊ ጭስ እያጨሰ፣ የአየር ቱቦው በዘይት ርሶ ቆመ። የገባበት ጋራዥ «ቱርቦው ሞቷል» ብሎ አዲስ ገጠመለት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አዲሱም ዘይት ተፋ። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ነበር። በዚህ መካከል አንድ አንጋፋ ሾፌር «ልጆች፣ ከማውረዳችሁ በፊት እስኪ መተንፈሻውን እዩት» አሉ። የመተንፈሻው ቱቦ ሲፈታ በደረቀ የዘይት ዝቃጭ ተደፍኖ ተገኘ። «ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?» ብላቸው «አፍንጫው የተያዘ ሰው በአፉ ይተነፍሳል» አሉኝ። ቱቦው ተጸዳ፤ መኪናውም ሥራውን ቀጠለ። ለቱርቦው የወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ በኮሌጅ የተማርኩትን የእርሻ መሣሪያዎች ትምህርት መልሼ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ታሪክ የአንጋፋውን ሾፌር ምክር የሚያጠናክር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከፋሻ ነው። ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ሲመላለስ በጎኑ ክፍተት ይኖራል። በጥንቶቹ የእንፋሎት ሞተሮች ይህ ክፍተት በቅባት በተነከረ የቃጫ ገመድ ይደፈን ነበር። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጆን ራምስቦተም የተባለው እንግሊዛዊ የባቡር መሐንዲስ አንድ ቦታ ላይ የተሰነጠቀ፣ እንደ ስፕሪንግ የሚለጠጥ የብረት ቀለበት ሠራ። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ፋሻ ወይም ሪንግ የምንለው የዚያ ልጅ ነው። ይሁን እንጂ ፋሻ መቶ በመቶ አይዘጋም። በነዳጅ ሞተር ውስጥ በየቃጠሎው ጥቂት ጋዝ በፋሻው አጠገብ ሾልኮ ወደ ዘይት ቋቱ፣ ማለትም ወደ ኮፓው ይወርዳል። «ሞተሩ ይተነፍሳል» የምንለው ይህንኑ ነው። ስለሆነም ጥቂት ትንፋሽ የበሽታ ምልክት አይደለም፤ ጤነኛ ሞተርም ይተነፍሳል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የቱርቦ መምጣት ነው። አልፍሬድ ቡሂ የተባለው የስዊዘርላንድ መሐንዲስ በከንቱ የሚወጣውን የጭስ ጉልበት አየርን ለመጭመቅ የማዋልን ሐሳብ በ1905 በፓተንት አስመዘገበ። ሐሳቡ ፍሬ ያፈራው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በ1925 ለጀርመን መርከቦች በተሠሩ አሥር ሲሊንደር ባላቸው የናፍጣ ሞተሮች ላይ ቱርቦ ተገጥሞ ጉልበታቸው ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ። በ1938 ሳውረር የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ በጭነት መኪና ሞተር ላይ ገጠመው። በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሼቭሮሌት ኮርቬር በአሜሪካ ቱርቦን ወደ ቤት መኪና አመጡት፤ በ1978 ደግሞ መርሴዲስ 300 ኤስዲ ቱርቦ ያለው የናፍጣ የቤት መኪና ሆኖ ለገበያ ቀረበ።

ቱርቦ ጉልበትን ሲጨምር በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ግፊትም ይጨምራል፤ በፋሻው የሚሾልከው ጋዝም እንዲሁ። ከዚህ በተጨማሪ የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ስለሚችል የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው። ያ ዘይት ወደ ኮፓው የሚመለሰው በራሱ ክብደት እየወረደ እንጂ በፓምፕ ተገፍቶ አይደለም። ኮፓው ውስጥ ግፊት ከበዛ ዘይቱ መውረጃ ያጣል፤ በቱርቦው ማኅተም በኩል ወደ አየር ቱቦው ወይም ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። የእኛ አዲሱ ቱርቦ ዘይት የተፋው በዚህ ምክንያት ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ የመተንፈሻው ነው። ቀደም ሲል የሾለከው ጋዝ በአንድ ቱቦ ወደ መሬት ይለቀቅ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ አሪ ሃገን-ስሚት የተባሉ ሳይንቲስት የሎስ አንጀለስን የጭስ ጉም መኪኖች እንደሚያመጡት አሳዩ። ከ1961 ሞዴል ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ጋዙን መልሶ ወደ አየር መሳቢያው የሚወስድ ቫልቭ ይገጠምላቸው ጀመር። ቱርቦ ያላቸው ትላልቅ የናፍጣ ሞተሮች ግን በአሜሪካ ከዚህ ግዴታ ለረጅም ጊዜ ነጻ ነበሩ፤ ዘይት አዘሉ ጋዝ ቱርቦውን ያቆሽሻል ተብሎ ተፈርቶ ነበርና። ደንቡ የጠበቀባቸው ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ነው። በመሆኑም በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ጋዙ በዘይት መለያ አልፎ ወደ ቱርቦው መግቢያ ይመለሳል። በአየር ቱቦው ውስጥ ዘይት መታየቱ ብቻውን ቱርቦው መሞቱን የማያረጋግጠው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከታሪኩ የምንማረው የምርመራውን ቅደም ተከተል ነው። ከቀላሉና ከርካሹ እንጀምር፦

አንደኛ፣ የዘይቱን መጠን መለካት፤ ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ራሱ ይተፋል። ሁለተኛ፣ የአየር ማጣሪያውን ማየት። በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ ቱርቦው ዘይት እንዲስብ ያደርገዋል፤ የተቀደደ ማጣሪያ ደግሞ አቧራ አስገብቶ ፋሻውንና ካሚሻውን ይበላል። ሦስተኛ፣ መተንፈሻውንና የዘይት መለያውን ፈትቶ ማጽዳት፤ የቱርቦው የዘይት መመለሻ ቱቦ አለመታጠፉንና አለመደፈኑንም ማረጋገጥ። አራተኛ፣ ዘይቱ የት እንደሚጀምር ማየት። ከቱርቦው በፊት፣ መተንፈሻው ከሚገናኝበት ቦታ ጀምሮ እርጥብ ከሆነ ዘይቱ የመጣው ከመተንፈሻው ነው። ከቱርቦው በኋላ ብቻ ከሆነ ቱርቦው ይጠረጠራል፤ ያን ጊዜ የዘንጉ መላወስ ይፈተሽ።

አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሞተሩ አሁንም በኃይል ከተነፈሰ በኮፓው ውስጥ ያለው ግፊት በመለኪያ ይለካ። በአየር ፍሬን መኪኖች ላይ ያረጀ የአየር ኮምፕሬሰርም ወደ ኮፓው ሊተነፍስ ስለሚችል እሱም ይታይ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ሲሊንደር አየር አስገብቶ የሚወጣበትን ማዳመጥ ነው። በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ከወጣ ፋሻው ወይም ካሚሻው፣ በጭስ ማውጫው ወይም በአየር መግቢያው ከወጣ ባልቦላው፣ በራዲያተሩ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ ይጠረጠራል። ሞተር ማውረድ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሾፌሮቻችንን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። መተንፈሻው ዘይት ስላንጠባጠበ በጨርቅ ወይም በቡሽ አትድፈኑት። ግፊቱ ዘይቱን በሌላ በኩል ያስወጣዋል፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ የራሱን ዘይት ስቦ ማቃጠል ከጀመረ ቁልፍ ቢጠፋም ላይቆም ይችላል።

ለጥገና ክፍያ ፊርማ ለምታኖሩ የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላትም መልእክት አለኝ። «ቱርቦ ይቀየር» ወይም «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ወረቀት ሲቀርብላችሁ «መተንፈሻው ታይቷል ወይ? የተለካውስ ግፊት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱም በመኪናው መዝገብ ላይ ይስፈር። የአንድ ቱርቦ ዋጋ ለብዙ አባላት የስንት ኩንታል ማዳበሪያ ዋጋ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

መልካም በዓል! መልካም የምርት ዘመን!