የሽንፋው ልጅ ፊዚክስ ተምሮ የት ገባ?

ቀረብ በሉማ፤ ዛሬ የማወራችሁ የዲግሪ ወግ ነው። ልጁን እኔ ፈጥሬዋለሁ፤ ያንኳኳቸው በሮች ግን እውነተኛ ናቸው። ስም አልሰጠሁትም። የሽንፋ ልጅ ነው፣ በቃ። አባቱ ሰሊጥ ያርሳል፣ እናቱ ሻይ ታፈላለች።

ሽንፋ መተማ ወረዳ ናት፤ ቆላ ናት። በሚያዝያ እኩለ ቀን ከጥላ የሚወጣ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ዕዳ አለበት። የሽንፋ ወንዝ ክረምት ሞልቶ ይወርድና በጋው ሲጠና ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይሉታል።

ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባው በሰባ ሠላሳ ዘመን ነው። ታስታውሱ እንደሆነ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር አለ። ሰባው ሁሉ ሐኪምና መሐንዲስ አይሆን ነገር! ቅጹ ላይ አንደኛ ሕክምና፣ ሁለተኛ ምህንድስና ብሎ ሞልቶ ፊዚክስ ሲደርሰው ያለቀሰው ስንት ነው? የእኛም ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ፊዚክስ ደረሰው። አላለቀሰም። እናቱ ግን ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አወረደችና ጠየቀችው፦

«ይሄ ፊዚክስ የሚሉት ሲያልቅ ምን ያደርጋል፣ ልጄ?»

«ያስተምራል።»

«ሌላስ?»

«ሌላም አለው» አላት፤ ምን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም ነበር።

ሦስት ዓመት ተማረ፣ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ተነሣ፣ ከዚያ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ፊት ቆመ። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ ደግሞ አካውንቲንግ። ዜሮ ዓመት ልምድ የሚል ሲያገኝ ፊዚክስ የለም፤ ፊዚክስ ሲያገኝ ዜሮ ዓመት የለም። እዚህ ላይ የራሴን ልናገርና ወደ ወጌ ልመለስ፦ ኳንተም ሜካኒክስን አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሚያስተምር ትምህርት ክፍል፣ የት የት መቀጠር እንደሚቻል ለመንገር አንድ ከሰዓት ማጣቱ አይገባኝም።

አንደኛው በር ማስተማር ነበር። እሱም ቢሆን ወለል ብሎ አልተከፈተለትም፤ የተመረቀው በመምህርነት ሳይሆን በአፕላይድ ፊዚክስ ስለሆነ «ፒጂዲቲ ተምረህ ና» ተባለ፤ የመምህርነት ዲፕሎማ ማለት ነው። ሁለተኛው መብራት ኃይል ነው። ከጎንደር በሸኸዲ አድርጎ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚሻገረውን የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ስንቴ አይቶታል። ያ ሁሉ ቮልቴጅ ለምን እንዳስፈለገ አሳምሮ ያውቃል፦ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ኃይል ከረንቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ማወቁ አልጠቀመውም። ቦታው የኤሌክትሪካል ነው ብለው መለሱት።

ወደ ሽንፋ ተመለሰ፤ የሰሊጥ ሽያጭ ወቅት ነበር። አባቱ በነጋዴው ባስኩል ላይ ኩንታሉን ሲያስመዝን፣ ቤት ከሰፈረው ሁልጊዜ ጎደል ይላል። አባት ያጉረመርማል፣ ነጋዴው ይምላል። ልጁ ምን አደረገ? ባዶ ጀሪካን አምጥቶ ባስኩሉ ላይ አስቀመጠና ቁጥሩን ጻፈ። ከላምባ ሻጩ የሊትር መለኪያ ተውሶ ሃያ ሊትር ውሃ ሰፈረበትና ደግሞ መዘነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው አይደል? ልዩነቱ ሃያ ኪሎ መምጣት ነበረበት፤ የመጣው አሥራ ዘጠኝ ከግማሽ ነው። ሰዉ ተሰበሰበ። ልጁ በአፈሩ ላይ በጣቱ አሰላ፦ ከሃያ ኪሎ ግማሽ ኪሎ ከጠፋ፣ ከኩንታሉ ሁለት ኪሎ ተኩል ይጠፋል፤ ከአርባ ኩንታል ደግሞ አንድ ሙሉ ኩንታል። «አርባ ኩንታል አይደል ያስገባኸው፣ አባባ?» ነጋዴው «ባስኩሉ አርጅቶ ነው እንጂ…» አለ። አርጅቶም ሊሆን ይችላል። ያረጀ ባስኩል ለምን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን እንደሚያደላ ግን አላስረዳም።

ይህ ሥራ ሥነ ልክ ይባላል፤ አዲስ አበባ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለው። ሚዛኑን፣ ቴርሞሜትሩን፣ የግፊትና የኤሌክትሪክ መለኪያውን ከታመነ መለኪያ ጋር እያስተያዩ ማስተካከል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፊዚክስ ነው። ልጁ ይህን ያወቀው በጀሪካኑ ከተከራከረ በኋላ ነው። ሜትሮሎጂም እንዲሁ፤ የፊዚክስ ምሩቅ ተቀጥሮ የአየር ትንበያ ሊሠለጥን ይችላል፣ መተማም ሙቀቱና ዝናቡ ሲለካ የኖረ ጣቢያ ያለበት አገር ነው። አጠገቡ ያለውን መሥሪያ ቤት እንደ ጎረቤት እያለፈው አድጓል ማለት ነው።

በሐኪም ቤት በኩል ያለውን በር ደግሞ ብዙ ሰው አያየውም። የካንሰር ሐኪም ዕጢው ይህን ያህል ጨረር ያግኝ ብሎ ያዛል። ጨረሩ ከየት ከየት አቅጣጫ ቢገባ አጠገቡ ያለው ጤነኛ አካል እንደሚተርፍ የሚያሰላው፣ ማሽኑም የታዘዘውን መጠን በትክክል መስጠቱን እየለካ የሚያረጋግጠው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለሆነ፣ ከመተማም ከሞያሌም የሚመጣው ሕመምተኛ እዚያው ተራ ይጠብቅ ነበር። ማሽን በተጨመረ ቁጥር እንዲህ ያለ ሰው ይፈለጋል። ማስተርስ ግን ይጠይቃል።

ሰማይ ያማረው እንደሆነ ባሕር ዳር አለለት። የዩኒቨርሲቲው ዋሸራ የተባለው ቤተ ሙከራ ከላይ ያለውን በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ክፍል ያጠናል፤ ጂፒኤስ የሚታወከው እዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲውን ለዓመታት በፕሬዚዳንትነት የመሩት ዶክተር ባይሌ ዳምጤም ፊንላንድ የተማሩ የዚሁ ሙያ ሰው ናቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስትወነጨፍ፣ ልጃችን ፒጂዲቲውን ጨርሶ ሽንፋ ያስተምር ነበር፤ ተማሪዎቹን «ማታ ውጡና እዩ» አላቸው። በዓይን እንደማትታይ ያውቃል፤ ወጥተው ቀና እንዲሉ ብሎ ነው።

መምህርነቱንም አትናቁበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ጊዜ ለዓመታት ታስረው ወጥተው፣ ስንት የፊዚክስ ትውልድ አስተምረዋል። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 የሳካሮቭን ሽልማት የሰጣቸው ለሰብአዊ መብትና ለትምህርት ስለታገሉ ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኔቸር» የተባለው መጽሔት ስለ ሽንፋ ጻፈ። አዎ፣ ስለ ራሷ ሽንፋ! የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፐልማንና ባልደረቦቻቸው፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በወንዙ አጠገብ «ሽንፋ–መተማ 1» ያሉትን ቦታ ቆፍረው ነበር። ከአፈሩ ውስጥ ከሰው ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ፍንጣሪዎች ወጡ። ፍንጣሪዎቹ ምን ምን ንጥረ ነገር እንደያዙ ሲመረመር፣ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ ጋር ተገጣጠሙ። የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የእንስሳት ጥርስ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ዓይነት ተለክቶ አየሩ መድረቁን ነገራቸው። ወንዙ ኩሬ ኩሬ ሲሆን የዚያን ጊዜ ሰዎች ዓሣ ወደ መብላቱ አዘነበሉ፤ ትናንሽ ባለሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶቻቸውም የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አልቀሩም።

ልጁ ይህን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተረከላቸው። አንዷ እጇን አወጣች፦

«ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ፊዚክስ ነው የተማሩት?»

«አርኪዮሎጂ የተማረ አለ፣ ጂኦሎጂ የተማረ አለ። ኦክስጅኑን የለካው ማሽን አቶምን ከአቶም በክብደቱ የሚለይበት ሕግ ግን ያው ባለፈው ሳምንት ቦርዱ ላይ የጻፍኩላችሁ ነው፤ ቻርጅ ያለው ነገር በማግኔት መሐል ሲያልፍ ይታጠፋል ያልኳችሁ። ቀላሉ አብዝቶ ይታጠፋል፣ ከባዱ ያነሰ።»

«እርስዎስ ለምን እዚያ አልገቡም?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ማታ ግን የሕክምና ፊዚክስ ማስተርስ መጠየቂያዎችን በስልኩ እያነበበ አመሸና ለእናቱ ነገራት።

«ስንት ዓመት ነው?»

«ሁለት።»

«ደመወዙስ?»

«ከአሁኑ ይሻላል ይላሉ።»

«ይላሉ!» አለችና ብርጭቆዎቹን ማጠብ ቀጠለች። ቆይታ ግን ቀና አለች። «አባትህ ሰሊጡን ይሽጥና ትሄዳለህ። ሚዛኑን ግን አንተ ቆመህ አስመዝን።»