የፍላሽ ብርሃንና የሠርግ ፎቶግራፍ በቆላው አገር

በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ በአብርሃ ጅራ ከተማ፣ የሠርግ ወራት የሚገባው ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ነው። ጥር ሲጋመስ የገበሬው እጅ ገንዘብ ይዟል፤ ጥምቀት አልፏል፤ ዐቢይ ጾምም ገና አልገባም። የቆላው ፀሐይ ግን በዚያም ወር ቢሆን የሚቻል ስላልሆነ ሠርጉ የሚደምቀው ከአመሻሽ ጀምሮ ነው። በልጅነቴ ሙሽሮች ወደ ዳሱ የሚገቡትም ሆነ ወላጆች ጉልበታቸው ተስሞ የሚመርቁት በማሾ ወይም በጄኔሬተር መብራት ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር የሠርግ ፎቶግራፍ ታሪክ በአብዛኛው የፍላሽ ብርሃን ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጥር ወር 1994 ዓ.ም. ታላቅ እህቴ ስትዳር እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፎቶግራፎቹ ታጥበው ሲመጡ ቤተሰቡ በጉጉት ተሰበሰበ። የሙሽሪት ቬሎ እንደ ፈነዳ ጥጥ ነጭቷል፤ ከጎኗ የተቀመጠችው እናቴ የለበሰችው ነጠላ ጥለቱ ሳይቀር ይታያል፤ ፊቷ ግን ከበስተኋላዋ ካለው ጨለማ ጋር ተቀላቅሏል። አንዱ ጎረቤት «ካሜራ ጠይም ሰው አይወድም» ብሎ ቀለደ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «እኔ ድሮም ፎቶ አይወጣልኝም» ብላ ምስሉን መለሰችልን። ከ4 ዓመት በኋላ አረፈች። ከዚያ በቀር ሌላ ፎቶግራፍ አልነበራትም። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሬ ስመረቅ ከማይረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር፦ ጥፋቱ የማን ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳመለከቱት፣ በኢትዮጵያ በፎቶግራፍ ሥራ ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው በ1859 የመጣው ሚሲዮናዊ ሄንሪ ስተርን ነው። በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋርም የመሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። የእነዚህ ሁሉ ብርሃን ፀሐይ ነበረች። ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራቸውም አብሮ ይጠልቅ ነበር።

ይህን ገደብ የሰበረው ማግኒዢየም የተባለው ብረት ነው። በ1865 ቻርልስ ፒያዚ ስሚዝ በግብፅ ታላቁ ፒራሚድ ውስጥ ማግኒዢየም አንድዶ ፎቶግራፍ አነሣ። በ1887 አዶልፍ ሚቴና ዮሐንስ ጌዲኬ የተባሉ ጀርመናውያን ማግኒዢየሙን ከፖታሲየም ክሎሬት ጋር ቀላቅለው በአንዴ ቦግ የሚል ዱቄት ሠሩ። ዱቄቱ ግን ጭሱ ዓይን የሚያጠፋ፣ እሳቱም ቤት የሚያቃጥል ነበር። ለሣር ጣሪያና ለቅጠል ዳስ ምን ዓይነት አደጋ እንደነበረው አንባቢ ይገምታል። በ1929 በጀርመን ለገበያ የቀረበው የፍላሽ አምፖል ነበልባሉን በመስታወት ውስጥ አሰረው፤ ይሁን እንጂ አንዱ አምፖል ለአንድ ፎቶግራፍ ብቻ የሚያገለግል ነበር።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከእኛው ሙያ ነው። የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ሃሮልድ ኤጀርተን በ1931 ገደማ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በካፓሲተር የተጠራቀመን ኃይል በጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ በመልቀቅ ደጋግሞ የሚሠራ ፍላሽ አደረጀ። ዛሬም በእጅ የሚያዝ ፍላሽ በዚሁ ዘዴ ይሠራል። የትንንሽ ባትሪዎች ኃይል ወደ 300 ቮልት ያህል ከፍ ተደርጎ በካፓሲተሩ ይጠራቀምና ከሺህ አንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይለቀቃል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ደግሞ ከሙሽራው ፊትና ልብስ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን ለክቶ «በቃ» ሲለው ራሱን የሚያጠፋ አውቶማቲክ ፍላሽ ተስፋፋ። ታይሪስተር የተባለው መሣሪያ ከተጨመረበት በኋላም የተረፈው ኃይል ሳይባክን ለሚቀጥለው ምስል ይቆያል። ባትሪ ከሩቅ ገበያ ለሚገዛበት አገር ይህ ቀላል ጸጋ አልነበረም።

ነገር ግን «በቃ» የሚለው በምን ሚዛን ነው? የብርሃን መለኪያዎች በልማድ የተስተካከሉት በፊታቸው ያለው ነገር በአማካይ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ይመልሳል በሚል ግምት ነው። ነጭ ቬሎና ነጭ ነጠላ ግን 80 በመቶ ያህል ይመልሳሉ። እንግዲህ ነጩ ልብስ የመለኪያውን ዓይን ከሞላው፣ ፍላሹ ከአራት እጥፍ በላይ ብርሃን የተመለሰ መስሎት ከሚገባው ሩብ ያህሉን እንኳ ሳይሰጥ ይጠፋል። ጠይም ፊት ደግሞ ከነጭ ጥጥ የጥቂቱን ጥቂት ብቻ ነው የሚመልሰው። ልብሱ ይወጣል፤ ባለልብሱ ይቀራል።

ይህ አማካይ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። በካናዳ የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሎርና ሮት በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዱት፣ የኮዳክ ኩባንያ ለቀለም ፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች ይልክ የነበረው ማስተካከያ ካርድ «ሸርሊ» በሚል ስም የታወቀ የነጭ ሴት ምስል ነበር። የአጣቢው መኪና የሚስተካከለው የእርሷ ፊት ሲያምር ነው። በዚሁ ጥናት እንደተመለከተው፣ ኩባንያው ፊልሙን ለጥቁር ቡናማ ቀለም እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ቅሬታ ያቀረቡ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። የቁም ሳጥን ቀለም አቤት ባይ አገኘ፤ የእናቴን ፊት የመሰለ ፊት ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ።

በአብርሃ ጅራ ዳስ ውስጥ ሌሎችም ችግሮች ይደረባሉ። የብርሃን ኃይል በርቀቱ ካሬ መጠን ይቀንሳልና፣ ሙሽሪት በ2 ሜትር፣ ከኋላ የቆሙት ዘመዶች በ4 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆኑ የኋለኞቹ የሚደርሳቸው ብርሃን የእርሷ ሩብ ነው። በከተማ አዳራሽ ፎቶግራፍ አንሺው ፍላሹን ወደ ነጭ ኮርኒስ አዙሮ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። ዳስ ግን ኮርኒስ የለውም፤ ቅጠሉ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ሰማያዊ ሸራ ከሆነም ፊቱን ሁሉ ሰማያዊ ያደርገዋል።

መፍትሔው ግን ከአገሬው እጅ አልራቀም። ከሙሽሮቹ ጎን ነጭ ጋቢ ወይም አንሶላ ወጥሮ ፍላሹን ወደዚያ ማዞር ኮርኒሱን ይተካል። በዚህ ጊዜ ብርሃኑ ስለሚቀንስ ቀረብ ማለት ወይም የሌንሱን መክፈቻ ማስፋት ያሻል። ልብሱ ነጭ ሲሆን አውቶማቲኩን አለማመን፣ ወይም ሌንሱን ከታዘዘው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ አስፍቶ መክፈት ይገባል። ዘመዶችንም በረድፍ ከመደርደር ይልቅ ከፍላሹ እኩል እንዲርቁ በግማሽ ክብ ማቆም ይጠቅማል። ዛሬ ዲጂታል ካሜራ ውጤቱን ወዲያው ስለሚያሳይ ስሕተቱ እዚያው ይታረማል፤ ዳሩ ግን የሚያርመው ሰው ፊትን ማየት ይኖርበታል፤ ልብስን አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴን ሠርግ ኔጋቲቭ ከሣጥን አውጥቼ በስካነር አነበብኩት። ፊልሙ በጣም ስስ ነበር፤ ሆኖም ባዶ አልነበረም። ጨለማውን ቀስ በቀስ ባነሣሁት ጊዜ አስቀድሞ በግንባሯ ያለው የመስቀል ንቅሳት፣ ቀጥሎም ዓይኖቿ ብቅ አሉ። ምስሉ ሻካራ ነው፤ ከጉንጯ በታች ያለውም አልተመለሰም። ነገር ግን እናቴ ናት፤ ወደ ልጇም ዞራ ፈገግ ብላለች። እህቴ አይታ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም፤ ከዚያም «ለካ ወጥቶላት ነበር» አለች።

የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ታሪክ እንደ ቤተሰብ ወግ ብቻ እንዳያዩት እለምናለሁ። የምንሠራው መለኪያ ሁሉ፣ የውኃም ይሁን የመንገድ ወይም የመብራት፣ በውስጡ አንድ «አማካይ ሰው» አለው። ያ ሰው ማን እንደሆነ አስቀድመን ካልጠየቅን፣ መሣሪያው የማይመጥነው ሰው ጉድለቱን የራሱ አድርጎ ዝም ይላል። እናቴ ፎቶ ይወጣላት ነበር። ልኩን ያልያዘው ሚዛኑ ነው።