ሐዘንተኞቹ ወላጆች፦ የኬተ ኮልቪትስ የመቃብር ሐውልትና ንድፎቹ

«ሐዘንተኞቹ ወላጆች» ጀርመናዊቷ ሠዓሊና ቀራፂ ኬተ ኮልቪትስ (1867–1945 እ.ኤ.አ.) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞተባት ልጇ ያቆመችው ጥንድ የድንጋይ ሐውልት ነው። ዛሬ የሚገኘው ቤልጅየም ውስጥ፣ በቭላድስሎ የጀርመን ወታደሮች መካነ መቃብር ነው። ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ ተከላው ድረስ ወደ 18 ዓመት ፈጅቷል። እነዚህን ዓመታት የሞሉት በወረቀት ላይ የተሣሉ፣ የተተዉና እንደገና የተጀመሩ ንድፎች ናቸው።

ልጇ ፔተር ጦርነቱ ሲጀመር 18 ዓመቱ ነበር። ዕድሜው ስላልደረሰ ለመዝመት የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። አባቱ ሐኪሙ ካርል እምቢ ሲል፣ አማላጅ ሆና ያግባባችው እናቱ ራሷ ነበረች። ፔተር በጥቅምት 1914 ቤልጅየም ውስጥ ዲክስማይደ አጠገብ ወደቀ። ይህን ሳያውቁ የኮልቪትስን ንድፎች መረዳት ያስቸግራል፤ ሐዘኗ ከጸጸት ተለይቶ አያውቅምና።

መርዶው ከመጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በታኅሣሥ 1914፣ የሐውልቱን ሐሳብ በማስታወሻ ደብተሯ አሰፈረች። ፔተር በጀርባው ተንጋሎ፣ አባት በራስጌው፣ እናት በግርጌው ሆነው እንዲቀረጹ፣ ሐውልቱም በፈቃዳቸው የዘመቱ ወጣቶች ሁሉ መታሰቢያ ሆኖ በርሊን አቅራቢያ ከሐቨል ወንዝ በላይ ባለ ከፍታ ላይ እንዲቆም ነበር ምኞቷ። ለዓመታት ብትደክምበትም ሥራው አልሆነላትም። በጦርነቱ ማብቂያ፣ በጥቅምት 1918፣ ባለቅኔው ሪቻርድ ዴመል ሌሎች ወጣቶች በፈቃዳቸው እንዲዘምቱ ጥሪ ሲያቀርብ በጋዜጣ ተቃወመችው። በ1919 ደግሞ የጀመረችውን ሐውልት ተወችው። የልጇን መሥዋዕትነት የሚያከብር ቅርጽ ጦርነቱን ከሚቃወመው አዲሱ እምነቷ ጋር የሚታረቅ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ጥር ወር የተገደለው የፖለቲካ መሪ ካርል ሊብክኔኽት ቤተሰቦች አስከሬኑን እንድትሥልላቸው ጠይቀዋት ነበር። አስከሬን ክፍል ሄዳ ንድፍ አነሣች። ከዚያ በብረት ሳህን፣ ቀጥሎም በድንጋይ ኅትመት ሞክራ አልጠገበችም፤ መጨረሻ ላይ በእንጨት ቀርጻ አተመችው። በዚህ ኅትመት ዋናው ነገር ሟቹ ላይ የሚያጎነብሱት ለቀስተኞች ናቸው።

የፔተርም ሐውልት ያመራው ወደዚሁ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ ሥራው ስትመለስ የልጁ ምስል ከንድፉ ወጥቶ ወላጆቹ ብቻ ቀሩ። በሰኔ 1926 ከባሏ ጋር ቤልጅየም ውስጥ በሮገቬልደ የነበረውን የፔተርን መቃብር ጎበኘች፤ ሁለቱ ምስሎች በየራሳቸው መሠረት ላይ ተለያይተው እንዲቆሙ ወሰነች። አባትየው ቀጥ ብሎ ተንበርክኮ፣ እጆቹን አጣምሮ ራሱን በራሱ ጨብጧል። እናቲቱ በጨርቅ ተከናንባ ወደ መሬት አጎንብሳለች። አባት በካርል መልክ፣ እናት በኬተ መልክ ተቀርጸዋል። የሐውልቱ ኃይል በመካከላቸው ባለው ክፍተት ውስጥ ይመስላል፤ ባልና ሚስት ሆነው፣ ጎን ለጎን ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ማጽናናት አልቻለም።

ኮልቪትስ ምስሎቹን በጭቃ ሠርታ በጂፕሰም ካወጣች በኋላ፣ ድንጋይ ጠራቢዎች ወደ ቤልጅየም ግራናይት ገለበጧቸው። በርሊን ለሕዝብ ከታዩ በኋላ በሐምሌ 1932 ሮገቬልደ ላይ ተተከሉ። በቀጣዩ ዓመት ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከፕሩሲያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ እንድትለቅ ተገደደች፤ በ1942 ደግሞ በአጎቱ ስም የተሰየመው የልጅ ልጇ ፔተር ሩሲያ ውስጥ ተገደለ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ በአካባቢው የነበሩ የጀርመን መቃብሮች ሲሰበሰቡ፣ የፔተር አፅምና ሐውልቱ አብረው ከ25,000 በላይ ወታደሮች ወደተቀበሩበት ቭላድስሎ ተዛወሩ። የፔተር ስም ያለበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከአባትየው ፊት ለፊት ነው። በቀራፂው ኤቫልድ ማታሬ መሪነት የተሠሩት ቅጂዎች ደግሞ ከ1959 ጀምሮ ኮሎኝ ውስጥ፣ በቦምብ በፈረሰው የቅዱስ አልባን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች መካከል ቆመዋል።